ድንጋዩ ላይ የተቀመሰ አይቆጠርም

ሞዲካ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ማግስት

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የቱሪን ብርድ ጆሮህን አልቆረጠውም? ያ ፋብሪካችሁ የሚያወጣው ልስልስ ቸኮላት አሁንም ወተት ወተት ይላል? እኛ ሁላችን ደህና ነን። «ከናፍቆትህ በስተቀር» ብዬ ልጨምርበት ነበር፤ እንዳትኮራብኝ ብዬ ተውኩት። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የምትኮራ ካለች እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ታገሥና አንብብ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። ካንተ ጋር በስልክ ሳወራ አያታችን ከጓዳው በር ጀርባ መጥተው ይቆማሉ። ምን ፈልገው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ስኳር ልወስድ» ይላሉ። ስኳሩ ያለው በሌላኛው ክፍል ነው። እሳቸውን በደንብ አድርጎ ለማማት እንግዲህ ወረቀት ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው ከገና በኋላ ነው። አያታችን ከቅዳሴ መልስ የቅዱስ ጊዮርጊስን ደረጃ ሲወርዱ ራሳቸውን አዞራቸውና መሀል ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሰው ሲሰበሰብ «ምን ትከቡኛላችሁ፣ ከተማውን እያየሁ ነው» አሉ። ከተወለዱ ጀምሮ ያዩትን ከተማ! እማዬ ክንዳቸውን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። እዚያ ነጭ ልብስ ለብሳ የጠበቀቻቸው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? አጋታ። የመድኃኒት ቤቱ የዶን ቱሪ ልጅ፤ ያቺ በልጅነቷ ከሱቃችን ቀረፋ ያለበትን ቸኮላት ብቻ እየመረጠች የምትገዛው። ተምራ ዶክተር ሆና ተመልሳለች። መማሯን አያታችን አልጠሉትም። የጠሉት ቤተሰቧን ነው፤ ሁሉም ከእኛ ከጊዮርጊሶቹ ጋር የሚፎካከረው የቅዱስ ጴጥሮስ ደብር ወገን ናቸው። እሳቸው የጴጥሮስ ወገን ከሆነ ዳቦ ቤት ዳቦ እንደማይገዙ ታውቃለህ። አሁን ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ለጴጥሮስ ወገን ሰጡ። እማዬ እንደምትለው ፊታቸው ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ነበር።

የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። አጋታ መድኃኒት አዘዘችላቸው፤ ጨው ይቀንሱ አለች፤ የሰርዲኑን፣ የወይራውን ፍሬ፣ ያንን ጨው የጠገበ አይብ ሁሉ። በየቀኑ ይራመዱ አለች። ቀጥላ ስለ ቸኮላት ጠየቀቻቸው።  ልጅቷ ግን እማዬ የፈራችውን አላለችም። ጥቁሩ ቸኮላት በልኩ ከተበላ አይከፋም አለች፤ ካካዎው ውስጥ ያለው ነገር የደም ሥርን በመጠኑ ያላላል፣ ለልብም ደግ ነው የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን ስኳሩና ስቡ አብረው ስለሚገቡ ሲበዛ የሰጠውን መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ ካካዎው የበዛበትን፣ ስኳሩ ያነሰበትን፣ ከምሳ በኋላ አንድ ቁራጭ። የቁራጩንም መጠን በአውራ ጣቷ ጫፍ አሳየቻቸው።

አያታችን ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የሰሙት «ለልብ ደግ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። በነጋታው ጸጉር ቤት ተቀምጠው ለሞዲካ ወንዶች ሁሉ ሰበኩ። የጴጥሮስ ልጅ እንኳ መሰከረች አሉ።

ነገር ግን አጋታ አንድ ነገር ጨምራ ነበር፤ እሱን ጸጉር ቤት አላወሩትም። ግፊቱ ካልወረደ ዘንድሮ በበዓሉ የቅዱሱን ሐውልት መሸከም የለም ብላቸዋለች። የዘንድሮው ደግሞ፣ አንተም ታውቀዋለህ፣ አያታችን ቅዱስ ጊዮርጊስን መሸከም ከጀመሩ ስልሳኛ ዓመታቸው ነው። ቀይ የሸካሚነት ሻርፓቸውን ገና ጾም ሳይገባ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ወንበር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። በዚያ ሻርፕ በኩል ሳልፍ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። እኔ! ድምፅ ዝቅ የማድረግ ነገር እንዴት እንደሚከብደኝ ታውቃለህ።

ከዚያ በኋላ በቤታችን አዲስ ሥርዓት ወጣ። ምሳ እንዳለቀ ሁላችን እንቀመጣለን፤ አያታችን ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ፤ አንዲቷን ቁራጭ ሰርጉ ላይ ኬክ እንደሚቆርስ ሙሽራ ግራ ቀኝ እያዩ ያነሷታል። በልተው ሲጨርሱ «አያችሁ? አንድ!» ይላሉ። እማዬ «ጎበዝ አባባ» ትላቸዋለች። እኔም አጨበጭባለሁ።

ግፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም። አጋታ በለካቻቸው ቁጥር ቅንድቧ ከፍ ይላል። አያታችን ጥፋቱ የመሣሪያው ነው አሉ፤ መሣሪያው የጴጥሮስ ወገን ነው። ጸጉር ቤቱ በሙሉ ተስማማ።

እኔ ግን ጠረጠርኩ። አንድ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለኝ ቸኮላት የሚዳመጥበት ድንጋይ ፊት ለፊት ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። በአንድ እጄ የሽምብራ ቆሎ፣ በሌላው ባዶ ኩባያ ይዣለሁ። አያታችን ድንጋዩን አሙቀው፣ ካካዎውን በድንጋይ መዳመጫው እየዳመጡ፣ ስኳሩን እየነሰነሱ ይሠራሉ። በየመሀሉ በዚያች በወይራ እንጨት ማንኪያ ጫር አድርገው ወደ አፋቸው። ጫር፣ ወደ አፍ። እሳቸው በቀመሱ ቁጥር እኔ አንድ ሽምብራ ኩባያው ውስጥ ጠብ። ቸኮላቱ የተሞላበትን የቅርጽ ማውጫ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ ሲያስተካክሉም፣ ጫር። ምሳ ሲደርስ ኩባያው አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። ርቦኝ በየመሀሉ ስለበላሁበት እውነተኛው ከዚያም ይበልጣል። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡ፣ ነጩን ጨርቅ አነጠፉ፣ አንዲቷን ቁራጭ አነሱ፤ «አያችሁ? አንድ!»

አባባ፣ ይሄ ኩባያስ አልኳቸው። አዩት። ምንም አላፈሩም፤ እንዲያውም አዘኑልኝ። የቸኮላት ሠሪ ልጅ ሆና ይህን አታውቅም ብለው። ድንጋዩ ላይ የተቀመሰ አይቆጠርም አሉኝ። እሱ መብላት አይደለም፣ ሥራ ነው። አባታቸው በዐቢይ ጾም ሳይቀር ይቀምሱ ነበር፤ የአባታቸውም አባት። በዚህ ከተማ ድንጋይ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የኖረው። ወንድምዓለም፣ አታለሉን ብለህ እንዳታስብ፤ ከልባቸው ነው። ያን ሁሉ ሳምንት አንድ ቁራጭ ብቻ የበሉ መስሏቸው ነው የኖሩት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬ ሄድኩና ኩባያውን አጋታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አንዷን ሽምብራ አንስታ ቆረጠመችና ምንድን ነው አለችኝ። የአያቴ የግማሽ ቀን ሥራ ነው አልኳት። ሳቀች። ቀጥላ ኩባያውን ደግማ አየችውና ሳቋን አቆመች።

«ዶን ሳሮ» አለቻቸው፣ «ደም ሥርዎ እኮ ድንጋዩ ላይ የቀመሱትንና ከምሳ በኋላ የበሉትን አይለይም።»

«አባቴ በጾም ሲቀምስ ቄሱ አይተው ዝም ይሉ ነበር» አሉ አያታችን። «ቄስ የፈቀደውን አንቺ ልትከለክይኝ ነው?»

«ቄሱ ያዩት ነፍስዎን ነው። እኔ የማየው ክንድዎን ነው» አለችና የመለኪያውን ጨርቅ ጠቀለለችባቸው።

አያታችን እጅጌያቸውን ራሳቸው ከፍ አደረጉላት። ሳይከራከሩ ሲታዘዙ አይተህ ታውቃለህ? እኔም አላውቅም ነበር። አየሁ ብዬ ለልጅ ልጆቼ የምነግረው ነው።

ቤት ስንመለስ አኮረፉ። ካልቀመስኩ አልሠራም አሉ። ያልተቀመሰ ቸኮላት ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ድንጋዩ ትንሽ ከጋለ ስኳሩ ይቀልጣል፣ ስኳሩ ከቀለጠ ጥርስ ላይ የሚንቀጫቀጨው ነገር ይጠፋል፣ እሱ ከጠፋ የሞዲካ ቸኮላት አይባልም፤ ይህን የሚያውቀው ምላስ ነው። እማዬ ሌላ ሰው ይቅመስልዎ አለቻቸው።

«ምላስ የነበረው ሰውማ ወተት ውስጥ ሊሰጥም ሄደ» አሉ።

 እማዬ ንጹሑን ጠረጴዛ ደግማ ወለወለችው። ይህን የምነግርህ ቅር እንዲልህ አይደለም፤ ሲናገሩት ወደ በሩ እንዳዩ ልነግርህ ነው። ከሄድክ ጀምሮ ቡናቸውን በወተት መጠጣት ትተዋል፤ ወተት አይስማማኝም ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲስማማቸው የኖረ ወተት!

እኔ እቀምሳለሁ አልኩ።

ሳቁብኝ። ማስቲካ የሚያኝክ አፍ ካካዎ አያውቅም አሉ። እኔም ፈትኑኝ አልኳቸው፤ ብወድቅ አርፌ እቀመጣለሁ፤ ካለፍኩ ግን ማንኪያው የእኔ ነው። አርፌ እቀመጣለሁ የሚለው ሳያጓጓቸው አልቀረም መሰለኝ፣ እሺ አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ቁራጭ ሳህን ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። ማስቲካ ከያዝኩ ሳምንት አልፎኝ ነበር፤ ይህን ለማንም እንዳትናገር። የመጀመሪያውን ምላሴ ላይ አስቀመጥኩት። ስኳሩ ፍሬ ፍሬውን ይንቀጫቀጫል፣ ካካዎው ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ግን ቀረፋው ጉሮሮ ይይዛል። ይሄን ሲሠሩ ተቆጥተው ነበር አልኳቸው። እማዬ አፏን በመሐረቧ ሸፈነች፤ ለካ የዚያን ዕለት ከጎረቤት ጋር ተጣልተው ኖሯል። ሁለተኛው ላይ ካካዎው ሲቆላ አርሯል፣ በጣም ትንሽ፣ ከምላስ ጀርባ የምትመጣ ምሬት። አያታችን መሳቃቸውን ተዉ። ሦስተኛውን አፌ ውስጥ አገላበጥኩት። አይንቀጫቀጭም። ልስልስ ብሎ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ ወርዶ አለቀ።

«ይሄኛውስ ቱሪን ደርሶ ነው የመጣው» አልኳቸው።

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ፤ ሲዞሩ እየሳቁ ነው። እማዬ ሁለቱም ነበር ትላለች። እንባውን ሲጠርጉ አላየሁም፤ ካየሁም ዛሬ አልነግርህም። ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። የቅድመ አያታችን ማንኪያ! አንተ በልጅነትህ ስትነካት እጅህን የተመታህባት! እነሆ ይህን የምጽፍልህ እሷን ከጎኔ አስቀምጬ ነው። ለመቅናት ፈቅጄልሃለሁ።

አንቺንስ ግፊት አይይዝሽም ወይ አትበለኝ። አጋታ መላ ሰጥታኛለች፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል እቀምስና እተፋለሁ፣ አፌን በውኃ እጉመጠመጣለሁ። አያታችን መጀመሪያ ስተፋ ሲያዩኝ አማተቡ። ለሦስት ቀን አላናገሩኝም፤ ቀጥሎ ለመዱት። አሁን ለእንግዳ «የእኛ ልጅ እንደ ወይን ጠጅ ቀማሾች ናት» እያሉ ይጎርሩብኛል።

እሳቸው ግን ምን ሆኑ መሰለህ? ድንጋዩ ላይ ዛሬም የሚዳምጡት እሳቸው ናቸው፤ አይቀምሱም እንጂ። ቁራጯ የምትመጣው ከምሳ በኋላ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ልማዳቸው ዋጥ አደረጓት። አንድ ቀን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸው ውስጥ አቆዩዋት።  እማዬ ሳህን ማንሳቷን ተወች። ዓይናቸውን ሲገልጡ እንዲህ አሉ፦

«ዕድሜ ልኬን ስህተት ስፈልግ ነው የኖርኩት እንጂ፣ ለካ ቸኮላት በልቼ አላውቅም።»

ይህን የሰማሁ ቀን፣ ወንድምዓለም፣ ማሾፉን ትቼ ውኃ ቀዳሁላቸው።

ከዚያ በኋላ ልከኛ መሆን እንደ አዲስ ሃይማኖት ያዛቸው። አንድ ጀርመናዊ ጎብኚ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሙሉ ቸኮላት እንደ ዳቦ ሊገምጥ ሲል ከእጁ ቀሙት፤ አንዲት ቁራጭ ቆርሰው ሰጡት፣ የቀረውን ጠቅልለው ኪሱ ውስጥ ከተው አዝራሩን ቆለፉለት። «ነገ» አሉት በጣታቸው እያስጠነቀቁ። አንዲት ሴት አምስት ልግዛ ስትል ለምን ሲሉ ጠየቋት፤ አንዱ ሳምንት ይበቃሻል ብለው መለሷት። እማዬ ጸጉሯን ነጨች። ገዢ የሚያባርር ነጋዴ ከአዳም ወዲህ የእኛው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞ ኮራሁባቸው፤ ለእማዬ እንዳትነግር።

ግፊቱ ወረደ። እየተንቀራፈፈ፣ ግን ወረደ። አያታችን ቸኮላቱ ነው አሉ። አጋታ ደግሞ መድኃኒቱ ነው፣ ጨው መተውዎ ነው፣ ደረጃውን መራመድዎ ነው፣ ያን ሁሉ ስኳር ከድንጋዩ ላይ አለመላስዎ ነው፤ ቁራጯም ትንሽ ሳታግዝ አልቀረችም ይሆናል፣ ተአምር አድርገው ግን አያውሩልኝ አለቻቸው። በጸጉር ቤት የተወራው ምን እንደሆነ መገመት ትችላለህ።

ትናንት በዓሉ ነበር። አጋታ የፈቀደችው ሜዳ ሜዳውን ብቻ ነው፣ ደረጃውን አይደለም፤ ከሱቃችን በር እስከ አደባባዩ፣ ያውም በእርምጃ። ቅዱስ ጊዮርጊስን በእርምጃ! እንደምታውቀው እኛ የምንሸከመው እየሮጥን ነው። ግን ሸካሚዎቹ ሱቃችን በር ሲደርሱ ሩጫቸውን ገቱ። ሁሉም፣ እነዚያ የበሬ ትከሻ ያላቸው ጎረምሶች፣ ለእሳቸው ብለው ቀስ አሉ። አያታችን ቀዩን ሻርፕ አስረው ትከሻቸውን እንጨቱ ስር አስገቡ። ከላይ ነጩ ፈረስ ይወዛወዛል፣ ከሰገነቶቹ ቀለም ቀለም ወረቀት ይዘንባል፣ ሕዝቡ የቅዱሱን ስም ይጮኻል። እኔ ከጎናቸው እየተራመድኩ ከሁሉ በላይ ጮህኩ፤ ዛሬ ድምፅ የለኝም፤ እማዬ የበዓሉ በረከት ነው አለች።

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ አጋታ የእግረኛ መንገዱ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። የጴጥሮስ ልጅ በጊዮርጊስ በዓል! እዚያው ሰው መሀል ወንበር አስመጣችና መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ከተማው ሁሉ ክንዳቸው ላይ አፈጠጠ። ደህና ነው አለች። ጩኸቱ ቢሰማህ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ዳግመኛ የገደለው ይመስልሃል። አያታችንም ከኪሳቸው አንድ ቸኮላት አወጡ፤ እኔ የቀመስኩት፣ ቀረፋ ያለበት፤ ቆርሰው አንዷን ቁራጭ መዳፏ ላይ አደረጉላት።

«አንድ ብቻ ልጄ» አሏት። «ሲበዛ ጥሩ አይደለም።»

ዜናዬ ይሄው ነበር። አንዲት ነገር ግን ቀርታኛለች፣ እሷን ነግሬህ ልሰናበት።

ቁራጯን ማጣጣም ከጀመሩ ወዲህ አያታችን የየቀን ቁራጫቸውን ለሁለት ይሰብሯታል። ግማሿን ይበላሉ። ሌላዋን ግማሽ በወረቀት ጠቅልለው ደረጃውን ወደ ላይኛው ክፍልህ ይወጣሉ። ለምን ስንላቸው ዶክተሯ ጥቂት ነው ያለችው፣ ግማሽ ደግሞ ከጥቂትም ያንሳል አሉ። እማዬ አይጥ ይመጣል ስትላቸው ይህ ቤት ውስጥ አይጥ ያለ ፈቃዴ አይበላም አሉ። ትናንት ሁሉም በዓል ላይ ሳሉ ወጥቼ አየሁት። በመስኮቱ ስር ያለው ትንሹ መሳቢያ ነው፤ አንተ የኳስ ተጫዋቾች ምስል ትሰበስብበት የነበረው። ግማሾቹ ሞልተውት አሁን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

እኔ ልበላው አልችልም፤ መቅመሱ በዝቶብኛል። እማዬ አትነካውም። እሳቸው ከልክ አያልፉም። አንተ ብትመጣ ደግሞ ሕጉን ታውቃለህ፣ በቀን አንድ ቁራጭ ብቻ፤ ያን ሁሉ በልኩ በልተህ እስክትጨርስ ረጅም ጊዜ መቀመጥ ሊኖርብህ ነው።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ካልሲህን በወቅቱ የምታጥብ ያድርግህ፤ መንገዱን ወደዚህ ያቅናልህ። እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን። አየህ፣ በመጨረሻ ጻፍኩት።

ምላስ ያላት ታናሽ እህትህ